የአፈር ፈንገሶችና መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች

መድኃኒትን ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲነሳ አስቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሆስፒታል ነው። የችግሩ ሥር ግን ሆስፒታል ከመኖሩ እጅግ አስቀድሞ በአፈር ውስጥ ነበር። ለመሆኑ እንዴት?

በአፈር ውስጥ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ለምግብ ይሻማሉ። አንዳንድ ፈንገሶች ተቀናቃኞቻቸውን የሚገድል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊንም የሻጋታ ውጤት ነው። ባክቴሪያዎችም በበኩላቸው ይህን የሚያከሽፉ ዘረመሎች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በካናዳ ዩኮን ግዛት 30,000 ዓመት ያህል በበረዶ ተይዞ በቆየ አፈር ውስጥ እንዲህ ያሉ ዘረመሎች ተገኝተዋል። በ2018 የታተመና ከ189 የዓለም ሥፍራዎች የተሰበሰበ አፈርን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ፈንገስ በበዛበት አፈር እነዚህ ዘረመሎች በአንጻራዊነት እንደሚበዙ አሳይቷል። ይህም ፉክክሩ ዘረመሎቹን ያበረክታል የሚለውን ግምት ያጠናክራል።

የፈንገስ ሚና በዚህ አያበቃም። በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ የፈንገስን ቀጫጭን ክሮች የሚሸፍነው ስስ የውኃ ንጣፍ ለባክቴሪያዎች መንገድ ይሆናል። ተራርቀው የነበሩ ባክቴሪያዎች በዚህ መንገድ ሲገናኙ፣ ፕላዝሚድ በሚባል ቀለበት መሰል ዲ.ኤን.ኤ. አማካይነት የመቋቋሚያ ዘረመሎችን ሊቀባበሉ ይችላሉ።

እንግዲህ የመድኃኒት መላመድን የጀመረው የሰው ልጅ አይደለም፤ የሚያፋጥነው ግን እርሱ ነው። መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስንወስድ ወይም ለከብቶች ያለ ልክ ስንሰጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፤ የሚቋቋሙት ቦታውን ይወርሳሉ። ከእነዚያ ከብቶች የሚገኘው ፍግ ማሳ ላይ ሲበተንም ዘረመሎቹ ወደ አፈር ይመለሳሉ፤ መንገዱም በዚያ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።