በቍልፍ የተጻፈ ቍጥር በማሽን ዘንድ እንዴት ይነበባል?



ተርሚናል በሚባለው፣ ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት መስኮት የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሰው በኪቦርድ የጻፈውን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው «ኢንተር» የተባለው ቍልፍ ከተመታ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ባዘጋጀው «ሲ» በተባለው ቋንቋ፣ ይህን የማንበብ ሥራ ከሚፈጽሙት አንዱ «ስካንኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ይኸውም አስቀድሞ በተሰጠው ቅርጽ መሠረት፣ ቍጥር ከተባለ ቍጥር፣ ቃል ከተባለ ቃል ለይቶ ያነባል።

ነገር ግን ይህ አንባቢ የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። ለምሳሌ የደመወዝ መዝገብ ያዥ 1,500 ብሎ ቢጽፍ፣ ሙሉ ቍጥር እንዲያነብ የታዘዘው ስካንኤፍ 1ን ብቻ ወስዶ ከኮማው ላይ ይቆማል፤ ይህም ሆኖ አንድ ቍጥር በደንብ መነበቡን ያስታውቃል። የአንድ ሺሕ ከአምስት መቶ ብር ደመወዝተኛ በመዝገብ የአንድ ብር ባለመብት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የተረፈው ኮማና 500 ደግሞ አልጠፋም፤ ተራውን ይጠብቃል። ቀጣዩም ንባብ ቍጥር ሲሻ ኮማ ስለሚያጋጥመው ምንም ሳይወስድ ይመለሳል።

ስለዚህ ብልህ ፕሮግራም ሠሪ አስቀድሞ መስመሩን በሙሉ ይቀበላል፤ ከዚያም ቍጥሩን ለይቶ፣ ከኋላው የተረፈ ነገር አለመኖሩን ይመረምራል፤ ትርፍ ቢያገኝ መዝገብ ያዡ እንደ ገና እንዲጽፍ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስሕተት በበሩ ላይ ቢያዝ ይቀላል፤ ከመዝገብ ከገባ በኋላ ግን ዕዳውን የሚሸከመው ምንም የማያውቀው ሠራተኛ ነው።