የመከላከያ ወጪ እስከ ወረዳችን የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሀገር መከላከያ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ወረዳዎች ለዚህ ሥራ በጀት አይመድቡም። በመሆኑም ብዙዎች የመከላከያ ወጪ ከቀበሌያቸው የውኃ ቦኖ ወይም የጠጠር መንገድ ጋር የሚገናኝ አይመስላቸውም። ግንኙነቱ ግን አለ፤ የሚመጣውም በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የክልሎች ድጎማ ነው። በ2014 በጀት ዓመት መጀመሪያ ከጸደቀው 561 ነጥብ 7 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ለመከላከያ 22 ቢሊዮን፣ ለክልሎች ድጎማ ደግሞ 204 ቢሊዮን ብር ገደማ ተይዞ ነበር። ጦርነቱ በመቀጠሉ በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ ትልቁ ድርሻ ለመከላከያና ለጸጥታ ዋለ። በ2015 የመከላከያ በጀት 84 ቢሊዮን ብር ሲደርስ የክልሎች ድጎማ 209 ነጥብ 4 ቢሊዮን ብር ሆነ። ድጎማው ያደገው ከ3 በመቶ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

ይህ ለወረዳ ምን ማለት ነው? ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ወረዳ 100 ብር ደርሶት 80ውን ለደመወዝ፣ 20ውን ለሥራ ያውላል እንበል። በቀጣዩ ዓመት 103 ብር ቢሰጠውና የደመወዝ እርከን 3 ብር ቢወስድ፣ ለሥራ የሚቀረው ያው 20 ብር ነው። ዓምና በ20 ብር የተገዛው ሲሚንቶ፣ ቧንቧና ነዳጅ ግን አሁን 26 ብር ይጠይቃል። ማንም በጀት ሳይቀንስ የምንጭ ማጎልበት ሥራው ይስተጓጎላል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም የሞተር ሳይክል ነዳጅ ያጣል።

ሁለተኛው መንገድ ገበያ ነው። የ2015 በጀት ከ231 ቢሊዮን ብር በላይ ጉድለት ነበረበት። ጉድለት በአብዛኛው ከሀገር ውስጥ በሚገኝ ብድር ሲሸፈን ዋጋን ያንራል። የጦር መሣሪያም ማዳበሪያም ከውጭ የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ይሁንና በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ የናረው በዓለም ገበያ ምክንያት ጭምር እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ወጪው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እንደ ቢሾፍቱ ባሉ የጦር ሠፈር ባለባቸው ከተሞች ጤፍ፣ ሥጋና የቤት ኪራይ ቋሚ ገዢ ያገኛሉ። የወታደር ደመወዝም ለገጠር ቤተሰብ ይላካል። ሰላም ከሌለ ምርት ገበያ አይደርስም። ሆኖም ለጥይት የወጣ ገንዘብ እንደ መስኖ ቦይ በየዓመቱ ምርት አይሰጥም።

ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በ2016 የመከላከያ በጀት ወደ 50 ቢሊዮን ብር ወረደ። የክልሎች ድጎማ ግን ከ214 ቢሊዮን ብር ብዙም አላለፈም፤ የዕዳ ክፍያውም ጨመረ። ጦርነት ሲቆም የሚተርፈው ገንዘብ በራሱ ጊዜ ወደ ወረዳ እንደማይወርድ ይህ ያሳያል።

ስለዚህ የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት በሚያጸድቁበት ወቅት ነዋሪው ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ይጠቅመዋል፦ ከጠቅላላው በጀት ለደመወዝ የሚውለው ስንት ነው? ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የቀረውስ? ያ ገንዘብ አሁን ባለው ዋጋ ስንት ቦኖ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ይሠራል? የበጀቱን ትክክለኛ ዕድገት የሚያሳየው የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ነው።