ከጣፋጭ ውሃ ወደ ባሕር፦ የአኳሪየም ለውጥ በቅደም ተከተል

በክፋር ጋኒም ከልጆችና ከወጣቶች ጋር የምንሠራ ተማሪዎች በዚህ ዓመት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። «ያለንን አኳሪየም የባሕር ማድረግ እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የኒሞን ፊልም አይተዋል፤ ብርቱካናማውን ዓሣ ይፈልጋሉ። ወላጆች ደግሞ መስታወቱ፣ ፓምፑና ማሞቂያው ስላለ ጨው ብቻ የሚቀር ይመስላቸዋል። ይቻላል፤ ግን የሚለወጠው ውሃው ብቻ አይደለም። በችኮላ ከተጀመረ ዓሦቹ ያልቃሉ፣ ገንዘቡም ይባክናል፣ ዓሦቹን በስም የሚጠሩ ልጆችም ያዝናሉ። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ዓሦቹ ለምን አይለምዱም?

ብዙ ሰው «ጨዉን ቀስ በቀስ ብንጨምር ይለምዳሉ» ይላል። ቋንጣ የሠራች እናት ግን መልሱን ታውቀዋለች፤ ሥጋ ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። በዓሣ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። በጣፋጭ ውሃ የሚኖር ዓሣ ሰውነቱ ከውጭው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ውስጡ ይገባል። ኩላሊቱ ትርፉን በብዙ ሽንት ያስወጣል፣ ስንጥቡ ደግሞ ከውሃው ጨው ይለቅማል። የባሕር ዓሣ ተቃራኒው ነው፤ ውሃ ከሰውነቱ ስለሚወጣበት ባሕሩን ይጠጣል፣ ትርፍ ጨውንም በስንጥቡ ይተፋል። ይህ የአካል አሠራር ነው እንጂ የልማድ ጉዳይ አይደለም። አብዛኞቹ የጣፋጭ ውሃ ዓሦች ወደ ባሕር ውሃ ሲገቡ ደርቀው ይሞታሉ።

ጥቂቶች ከዚህ ይለያሉ። ሞሊ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በጥንቃቄ ከተለማመደ የባሕር ውሃን ይችላል። ወላጆቻችን በጣና ዙሪያ ቆሮሶ የሚሉት፣ እዚህ አምኑን የሚባለው ዓሣም ከብዙዎቹ የተሻለ ጨው ይቋቋማል። ለሌሎቹ ግን የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ቤት መፈለግ ነው፤ የሚቀበል ጎረቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የዓሣ ሱቅ ይፈለግላቸዋል።

ወደ ያርቆን ወንዝ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። የያርቆን ላብኑን የሚባለው የአገሩ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በድርቁ ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የተረፉት ተወስደው በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ከተራቡ በኋላ ነው ወደ ወንዙ የተመለሱት። ከአኳሪየም የተለቀቀ ዓሣ በሽታና ውድድር ይዞባቸው ይገባል።

ከአሮጌው ምን ይቀራል?

መስታወቱ፣ መቆሚያው፣ ማሞቂያውና ብዙ ጊዜም ፓምፑ ያገለግላሉ። ጠጠሩ፣ እንጨቱና ተክሉ ግን ይወጣሉ። በጠጠሩ ፋንታ አራጎናይት የሚባለው የኖራነት ያለው አሸዋና ለባሕር አኳሪየም የሚሸጥ ድንጋይ ይገባል። አንድ ነገር በጥብቅ ይጠየቅ፦ በአኳሪየሙ ውስጥ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ተጨምሮ ያውቃል? መዳብ በጠጠሩና በመስታወቱ ማጣበቂያ ላይ ስለሚቀር ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ወይም የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ዓሣ ብቻ ማኖር ይሻላል።

ውሃውና ጨው

የወጥ ጨው አይሆንም፤ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነውና። የሙት ባሕር ጨውም አይሆንም፤ ማግኒዥየሙ እጅግ ይበዛል። የሚያስፈልገው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም በባሕር ልክ የተመጠነበት የአኳሪየም ጨው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት፣ የተጣራ ውሃ ከሱቅ መግዛት ወይም በቤት ማጣሪያ ማዘጋጀት ይመረጣል።

መጠኑ በሊትር ወደ 35 ግራም ነው። ስለዚህ ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ ያህል ጨው ይገባል። ጨዉ በተለየ ባልዲ በፓምፕ እየተናጠ አንድ ቀን ያድራል፤ ሕይወት ያለው ነገር ባለበት ገንዳ ውስጥ አይበጠበጥም። ከዚያ በሪፍራክቶሜትር ሲለካ ከ1.023 እስከ 1.026 መሆን አለበት። ሙቀቱም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን።

የማይዘለለው መጠበቅ

ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በአሮጌው ማጣሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች የጨው ለውጡን በአብዛኛው ስለማይቋቋሙ ሥራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ትንሽ የዓሣ ምግብ ተጨምሮ ውሃው በየጥቂት ቀኑ ይመረመራል። አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ገንዳው ዝግጁ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ምርመራውን ለልጆች ስጡ። ቀለሙን እያዩ ቁጥሩን በሠንጠረዥ ከጻፉ፣ ባዶ የሚመስለው ገንዳ ለእነርሱ ባዶ አይሆንም።

ማን ይግባ?

ኒሞ፣ ማለትም ክላውን ዓሣው፣ ለጀማሪ ይስማማል፤ በሰው እጅ የተራባም በቀላሉ ይገኛል። ዶሪ ግን ብዙ መቶ ሊትር የሚያስፈልጋት ዋናተኛ ናት፤ በ100 ሊትር ውስጥ ማኖር እሷን ማሰቃየት ነው። አንድ ጥንድ ክላውን ዓሣና ጥቂት ቀንድ አውጣ ለመነሻ ይበቃሉ። ኮራል ከሱቅ ይገዛል እንጂ ከኤላት አይመጣም። በእስራኤል ኮራል በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሞቶ ዳር የወጣውንም መውሰድ ክልክል ነው።

ከዚያ በኋላ

ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከተሞላ ጨውነቱ በየቀኑ ይጨምራል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ከውሃው አሥር በመቶ ያህሉ ወጥቶ አዲስ የጨው ውሃ ይተካል፤ ይህ ለ100 ሊትር ወደ 350 ግራም ጨው ይፈልጋል። ሮሽ ሀሻና ከሻባት ጋር ሲያያዝ ክለቡ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ውሃው እስከ ምልክቱ ይሞላ፣ መብራቱም በሻዖን ሻባት ይያያዝ።

አኳሪየም ለክለብ ወይም ለቤት ከመለወጡ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ አሁን ያሉት ዓሦች ወዴት ይሄዳሉ? የየወሩን ጨውና መብራት ማን ይከፍላል? እኛ ተማሪዎቹ በፈተና ጊዜ ስንጠፋ ማን ይንከባከበዋል? ለሦስቱም የሰው ስም ከተገኘ ይጀመር። ካልተገኘ፣ በደንብ የተያዘ የጉፒ አኳሪየም ችላ ከተባለ ባሕር እጅግ ይበልጣል፤ ለልጆቹም መጥፎ ምርጫ አይደለም።