የአካባቢ ተመራጮች በኢንተርኔት የነዋሪዎች ውይይት መሳተፋቸውና የሚያስከትለው ኃላፊነት

አንድ ነዋሪ የሰፈሩ መንገድ ሲበላሽ፣ የውኃ መስመሩ ሲቋረጥ ወይም የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምላሽ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት በቅርብ ከሚያውቀው የአካባቢ ተመራጭ ነው። ቀደም ሲል ይህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚቀርበው በስብሰባ አዳራሽ ወይም በጽሕፈት ቤት ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን የሰፈር ጉዳይ የሚነሳበትና ሐሳብ የሚፋጭበት መድረክ በከፊል ወደ ማኅበራዊ ድረ ገጾች ተሸጋግሯል። በመሆኑም የምክር ቤት አባላትና የከተማ ሹማምንት በእነዚህ ውይይቶች ይሳተፉ ወይስ ከዳር ይቁሙ የሚለው ጥያቄ በተለያዩ አገሮች ሲያከራክር ቆይቷል።

ተሳትፎውን የሚደግፉ ወገኖች ተመራጩ ወሬ ሥር ሳይሰድ ትክክለኛውን መረጃ ለመስጠት ያስችለዋል ይላሉ። በሥራ፣ በልጅ እንክብካቤ ወይም በጤና ምክንያት በስብሰባ መገኘት ያልቻሉ ነዋሪዎች ድምፃቸውን እንዲያሰሙም ዕድል ይሰጣል። የሚቃወሙት በበኩላቸው ጥቂት ጯሂዎች የብዙኃኑ ወኪል መስለው ሊታዩ እንደሚችሉ፣ በችኮላ የተሰነዘረ ቃልም የመንግሥት ውሳኔ ተደርጎ ሊወሰድ እንደሚችል ያስረዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን ተመራጩ እንደ ግለሰብ የሚናገረውና እንደ ባለሥልጣን የሚናገረው የሚለዩበት ድንበር ይደበዝዛል። የዩናይትድ ስቴትስ ፍርድ ቤቶች በተደጋጋሚ የመረመሩትም ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ አንዱ የተነሳው በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በላውደን ካውንቲ ነው። የካውንቲው አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ ፊሊስ ራንዳል በሹመታቸው ስም የፌስቡክ ገጽ ከፍተው ነዋሪዎች በማንኛውም ጉዳይ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ ጋብዘው ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2016 አንድ ነዋሪ የትምህርት ቦርድ አባላትን በመወንጀል አስተያየት ሲጽፍ ሰብሳቢዋ ለ12 ሰዓታት ያህል ከገጹ አገዱት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በጃንዩዋሪ 2019 በሰጠው ውሳኔ ሰብሳቢዋ ገጹን ለሥልጣናቸው መሣሪያ አድርገው ስለተጠቀሙበት ዕገዳው የነዋሪውን የመናገር ነፃነት የጣሰ መሆኑን አረጋግጧል።

በሚሺጋን ግዛት በፖርት ሂዩረን ከተማ የተከሰተው ግን ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ጄምስ ፍሪድ ገጻቸውን የከፈቱት ገና ተማሪ ሳሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2014 ከተሾሙ በኋላም በዚያው ገጽ የቤተሰባቸውን ፎቶግራፍና የከተማዋን ሥራ ጎን ለጎን ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲከሰት የከተማዋን አሠራር የነቀፈ አንድ ነዋሪ አስተያየቱ ተሰረዘበት፤ በመጨረሻም ታገደ። ነዋሪው ክስ ቢመሠርትም የሥር ፍርድ ቤቶች ገጹ የግል ነው በማለት ለሥራ አስኪያጁ ፈረዱ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ ግዛት በፓዌይ ከተማ ሁለት የትምህርት ቦርድ አባላት ወላጆችን በማገዳቸው ተከሰው ነበር። ወላጆቹ አንድ ዓይነት አስተያየት በ42 ጽሑፎች ሥር ከመለጠፋቸውም በላይ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 226 ተመሳሳይ ምላሾችን በትዊተር ልከዋል። በዚህኛው ጉዳይ ግን የሥር ፍርድ ቤቶች ለወላጆቹ ፈረዱ። አንዱ ፍርድ ቤት ለሹሙ፣ ሌላው ለነዋሪው በመፍረዱ ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመራ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ ማርች 15 ቀን 2024፣ ማለትም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ ሁለት መመዘኛዎችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው ሹሙ በመንግሥት ስም የመናገር እውነተኛ ሥልጣን በሕግ፣ በደንብ ወይም በጸና ልማድ የተሰጠው መሆኑ ነው። ሁለተኛው በማኅበራዊ ድረ ገጹ ሲናገር ይህንኑ ሥልጣን እየተጠቀመ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሲሟሉ ንግግሩ የመንግሥት ንግግር ስለሚሆን ተቺን ማገድ በሕገ መንግሥቱ ፊት ያስጠይቃል። ካልተሟሉ ግን ሹሙ እንደማንኛውም ዜጋ የራሱ የመናገር መብት አለው። ፍርድ ቤቱ ሁለቱም ጉዳዮች በዚህ መመዘኛ እንደገና እንዲታዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች መልሷቸዋል።

ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ልዩነቱን በምሳሌ አስረድተዋል። የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ በቦርዱ ስብሰባ ላይ የወረርሽኝ ጊዜ ገደቦች መነሣታቸውን ብታስታውቅ የምትናገረው በሥልጣኗ ነው። ያንኑ ዜና በማግሥቱ በወዳጆቿ ግብዣ ላይ ብትደግመው ግን የምትናገረው እንደ ግለሰብ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ተናጋሪዋ የቆመችበት ቦታ ይለያያል።

ውሳኔው ለአካባቢ ሹማምንት ተግባራዊ ትምህርት ይሰጣል። ገጹ የግል መሆኑን በግልጽ ያሳወቀ ሹም የተሻለ የሕግ ከለላ ያገኛል። የግልና የመንግሥት ጉዳይን በአንድ ገጽ የሚያደባልቅ ግን ለተጠያቂነት ይጋለጣል። አንድን አስተያየት መሰረዝ የሚመዘነው ከተጻፈበት መልእክት አንፃር ብቻ ሲሆን፣ ሰውን ከነአካቴው ማገድ ግን ነዋሪውን ከመንግሥታዊ መልእክቶች ጭምር ስለሚያርቀው የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

በእንግሊዝ ደግሞ የክርክሩ መነሻ ሌላ ነው። የምክር ቤት አባላት ለምሳሌ በአንድ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ላይ አስቀድመው ሐሳብ ቢሰጡ «ሳይሰሙ ወስነዋል» ተብሎ ውሳኔው እንዳይሻር ይሰጉ ነበር። እ.ኤ.አ በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 25 አንድ ተመራጭ ቀደም ሲል አቋሙን በማመልከቱ ብቻ አእምሮውን እንደዘጋ እንደማይቆጠር ደነገገ። ይሁን እንጂ ውሳኔው በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉንም ወገን በቅን ልቦና የመስማት ግዴታው አልተነሣለትም።

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። ሕዝቡ አመኔታ ባጣበት ጊዜ የመረጠውን ተወካይ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችልም በዚሁ አንቀጽ ሰፍሯል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይገልጻል። የመገናኛው መሣሪያ ቢለወጥም እነዚህ ግዴታዎች አይለወጡም።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች መረዳት እንደሚቻለው የአካባቢ ተመራጭ ከነዋሪዎች ውይይት መራቁ ቦታውን ለአሉባልታ ከመልቀቅ የዘለለ ፋይዳ የለውም። ሲሳተፍ ግን በየትኛው ኃላፊነቱ እንደሚናገር አስቀድሞ መግለጽ፣ መንግሥታዊ ማስታወቂያዎችን በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ማውጣት፣ ትችትን ስላልወደደው ብቻ አለመሰረዝ ይጠበቅበታል። ኢንተርኔት የማያገኙ ነዋሪዎች እንዳይዘነጉም የአዳራሽ ስብሰባውና የአቤቱታ መዝገቡ እንደ ቀድሞው ክፍት ሆነው መቀጠል ይኖርባቸዋል። ነዋሪው ደስ የማያሰኝ ጥያቄ ሲያነሣ የሚታገድ ከሆነ ግን ተሳትፎው ሕዝብን ማድመጥ መሆኑ ቀርቶ ራስን ማስተዋወቅ ብቻ ይሆናል።