የአረጋውያን ጕልበት በመቀመጥ እንዳይታሰር

አባትንና እናትን ማክበር በአገራችን ከልጅነት ጀምሮ የምንማረው ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ እጁን ለማስታጠብ ውሃ እንይዛለን፤ በእጁ ሸክም ቢኖር ፈጥነን እንቀበላለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከዚሁ መልካም ልማድ አጠገብ አንድ ጉዳት ተሰውሮ ስለሚኖር፣ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን እንድታስተውሉት ብለን ይህን ጻፍን። ይኸውም ወላጆቻችንን እናከብራለን ስንል ከሥራ ሁሉ አስወጥተን፣ ከጧት እስከ ማታ ከመደብ ላይ አስቀምጠን፣ ያልታመመ ጕልበታቸው እንዲታሰር ማድረጋችን ነው።

የመቅደላና የመካነ ሰላም አገር ደጋ ነው። አምባ መቅደላ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር ይበልጣል፤ በሽሎና ዓባይም ምድሩን በጥልቅ ሸለቆ ቆርጠውታል። በዚህ አገር ሜዳ የሆነ መንገድ ጥቂት ነውና፣ ገበያ መውረድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ውሃ መቅዳት፣ በግ መመለስ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ቤት ከገቡም በኋላ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ መደብ፣ በርጩማ፣ ወይም በመሬት ላይ የተነጠፈ ቁርበት። ስለዚህ የደጋው ሽማግሌ ስፖርት የሚባለውን ነገር ስሙን ሳይሰማ ጕልበቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ይውላል። አሁን ግን በከተማው ባጃጅና የፕላስቲክ ወንበር ገብተዋል። ድካምን ስለሚያቃልሉ አንነቅፋቸውም፤ ብቻ የወሰዱብንን እንቅስቃሴ በሌላ መንገድ መመለስ ያስፈልጋል።

እኛ በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ ስለምንውል ባለጉዳዮች ሲቀመጡና ሲነሡ እናያለን። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ የ70 ዓመት ሽማግሌ ዳኛ ሲገባ ነጠላውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ይነሣል። በከተማ ከልጁ ቤት የሚኖረው እኩያው ግን የፊቱን አግዳሚ ወንበር ጨብጦ፣ አንዴ ሞክሮ ተመልሶ ተቀምጦ፣ በሁለተኛው በጭንቅ ይነሣል። ነገር ግን መራመድ የተሳነው ሰው ከቀበሌው መጥቶ አናየውምና፣ ይህን ብቻውን እንደ ማስረጃ አናቀርብም። ማስረጃውን ከሐኪሞች ዘንድ መፈለግ ይገባል።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ በመጋጠሚያ ላይ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመጋጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ያም ፈሳሽ የሚሰርገው መጋጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ፣ ማለት ስንራመድና ስንተጣጠፍ ነው። ጡንቻም ካልሠራ ይከሳል፤ ካልተዘረጋም እያጠረ ይሄዳል። ዕድሜ በራሱ የሚወስደው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም፤ ሆኖም «እርጅና ነው» ብለን ከምናልፈው ውስጥ ብዙው የመቀመጥ ውጤት ነው።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ 10 አረጋውያንን ለ8 ሳምንት የእግር ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ አሠሯቸው። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ደካሞች ነበሩ። ሥራውን የፈጸሙት ሰዎች የእግራቸው ኃይል በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ በ90 ዓመት ጡንቻ የሚታዘዝ ከሆነ፣ በ60 ዓመቱ «ከእንግዲህ አለቀልኝ» የሚል ሰው ፍርዱን በራሱ ላይ ቸኩሎ ፈርዷል። በብራዚል ደግሞ ዶክተር ክላውዲዮ ጂል አራውዦና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆነ 2002 ሰዎችን ከመሬት እንዲቀመጡና እንዲነሡ አድርገው፣ እጁን ወይም ጕልበቱን ለተደገፈ ነጥብ እየቀነሱ መረመሩ። በ2012 እንዳስታወቁት፣ ነጥባቸው ዝቅተኛ የሆነው ሰዎች በተከታዮቹ ዓመታት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሞተዋል። ከመሬት መነሣት ብቻውን ዕድሜ ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ የጡንቻን፣ የመጋጠሚያንና የሚዛንን ጤንነት ባንድ ጊዜ የሚያሳይ ምልክት ነው እንጂ።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር ይኖራሉና፣ የሁለቱንም ስግደት በዚህ ዓይን መመልከት ይቻላል። ሙስሊሙ በአምስቱ የቀን ሶላት ግዴታ የሆኑትን 17 ረከዓዎች ሲሰግድ 34 ጊዜ ግንባሩን ከመሬት ያደርሳል። ክርስቲያኑም በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሞነ ሕማማት፣ ወድቆ ይነሣል፤ በማኅሌትም ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው በዝማሜ ሲወዛወዙ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። እነዚህ የአምልኮ ሥርዓቶች ናቸው፤ ለጕልበት ጤና ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ነገር ግን ሥጋም ከዚያው ይጠቀማል። ልዩነቱም መታወቅ አለበት፤ የሙስሊሙ ስግደት ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ሲሆን፣ ክርስቲያኑ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ስግደት የለበትም። በጾሙ ወራት የተፍታታ ጕልበት በእነዚያ ቀኖች ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ በእግር መሄድና ከዚህ በታች የምንጽፈውን መሥራት ይጠቅማል። ጕልበቱ በእውነት የታመመ ሰው ግን ራሱን ማስገደድ የለበትም፤ ሶላትን ተቀምጦ መስገድ ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው፤ ክርስቲያኑም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት ቀርቦ ነበር፤ መንገዱም ሲጠረግ ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደ ነበር በዚያ ዘመን ከእርሳቸው ዘንድ የነበሩ አውሮጳውያን ጽፈዋል። ይህን ማንሣታችን ሽማግሌ ሁሉ ድንጋይ ይሸከም ለማለት አይደለም። ከባድ ሸክም በቁልቁለት ጕልበትን ይጎዳል፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንስራና የማገዶ እንጨት በጀርባዋ የተሸከመች እናት የሚያስፈልጋት ሌላ ሸክም ሳይሆን ዕረፍት ነው። እኛ የምንለው ሸክሙን ተቀበሏቸው፣ እንቅስቃሴውን ግን ተዉላቸው ነው።

በቤት ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚሆን ቡና ማፍላትን እንመልከት። እናት ከበርጩማዋ ተነሥታ ውሃ ታመጣለች፤ ተቀምጣ ትቆላለች፤ ቆሎውን ለማቅረብ ትነሣለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ጎንበስ ቀና ትላለች! ምራት ወይም ልጅ «እርስዎ ይቀመጡ እማማ» ብላ ይህን ሁሉ ስትወስድባት፣ እናት ምርቃት ትሰጣለች እንጂ አትቈጣም፤ ጕልበቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ይፈታል። ይልቁንም ከደጋው ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ ወላጆች ይህ ይጎዳቸዋል። በአገራቸው በግ ይመልሱ የነበሩ አባት በከተማ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ይውላሉ። ለእነዚህ ወላጆች የጓሮ አትክልት ማጠጣት፣ የልጅ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ በየቀኑ በእግር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ ትልቅ መድኃኒት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ደግሞም በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጸና ሥራ እንዲሠሩ መክሯል።

ለዚህ ሥራ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የደጋ ጧት ብርድ ስለሆነ አስቀድሞ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ወይም በቤት ውስጥ ጥቂት ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይገባል፤ የቀዘቀዘ ጡንቻ በድንገት መሳብ የለበትም። ከዚያ ጽኑ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ 5 ጊዜ ይበቃል፤ ሲለመድ 10 ይሆናል። በእጅ ሳይደገፍ መነሣት ያልቻለ እየተደገፈ ይጀምር። ቀጥሎ የቤቱን ምሰሶ ይዞ ተረከዝን ከመሬት አንሥቶ በጣት መቆም፣ እንደዚሁም ምሰሶውን እንደ ያዙ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም ሚዛንን ያጸናል። የጭንና የባት ጡንቻን ለመዘርጋት እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ እስከሚሳብበት ድረስ ብቻ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሽ ሳይይዙ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መቆየት ነው፤ መንጠርና መወዝወዝ ይጎዳል። መሳብ ይሰማል፤ የሚወጋ ሕመም ግን ከመጣ ማቆም ይገባል።

ስለ ምርኩዝም ጥቂት እንናገር፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይይዘዋልና። በሜዳ ለመሄድ የሚያገለግል ከዘራ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ መያዣው ከእጁ አንጓ ትክክል ሊሆን ይገባል፤ የረዘመው ትከሻን ያነሣል፣ ያጠረው ወገብን ያጐብጣል። የሚያመው የቀኝ ጕልበት ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል፤ በታመመው ወገን ይመስላል እንጂ አይደለም። ለዳገትና ለቁልቁለት ግን የአገራችን ረጅም ዘንግ ይሻላል።

መጋጠሚያው ያበጠበት፣ የቀላበትና የሚያተኩስ፣ ሌሊት በሕመም የማይተኛ፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው፣ ደግሞም ወድቆ የተነሣ ሰው ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪም መታየት አለበት። በሌላ ሕመም ለተኛ ሽማግሌም ቤተ ሰቡ ሐኪሙን «መቼ ይነሣ?» ብሎ ይጠይቅ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2007 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ጤነኞች የነበሩ 12 አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ በመቆየታቸው ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶባቸዋል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲበርድና ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ከአልጋው ጫፍ ይቀመጥ፤ በማግስቱ ሰው ደግፎት እስከ ደጃፉ ይድረስ፤ በሦስተኛውም ቀን ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ከቤቱ ጥቂት ራቅ ተደርጎ ይዘጋጅለት።