ቆቃ፦ አረንጓዴው ውሃ ምን ይነግረናል?

እኛ ሴንት ጄምስ ታውን ፎቅ ላይ ሆነን ቧንቧ ስንከፍት የሚወርድልን የኦንታሪዮ ሐይቅ ውሃ ነው፤ ተጣርቶ፣ ተመርምሮ። የቆቃ ነገር ግን ይከነክነናል።

እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረው ቆቃ ከእርሻ፣ ከከተማና ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚወርድ ፍሳሽ ማረፊያ ሆኗል። በውሃ ላይ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ብዙ ዓይነት ደቂቃን ይንሳፈፋሉ። ፎስፎረስና ናይትሮጅን ሲበዛ፣ ሙቀትም ሲጨምር ዓይነታቸው ይመናመንና አንዱ ብቻ ይነግሣል። ተመራማሪዎች በቆቃ ነግሦ ያገኙት ማይክሮሲስቲስን ነው። ከዚሁ ዘር አንዳንዱ መርዝ የሚሠራ ጂን አለው፤ አንዳንዱ የለውም። በዓይን አይለዩም። ጉበት የሚጎዳው መርዝ፣ ማይክሮሲስቲን፣ በቆቃም ተገኝቷል፤ ውሃውን ማፍላት አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ይኸው መርዝ ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ቶሊዶ ከተማ ቧንቧ ውስጥ ቢገኝ፣ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ወዲያው «አትጠጡ፣ አፍልታችሁም ቢሆን!» ተባለ። የታሸገ ውሃም ታደለ። ከቆቃ በጀሪካን ለምትቀዳው እናትስ ማን ይንገራት?

መፍትሔው ስውር አይደለም፤ ፍሳሹን ከምንጩ ማጣራት፣ ውሃውን በየጊዜው መመርመር፣ ውጤቱን ለሕዝብ መንገር። ዝም ካልን ግን አባቶቻችን እንዳሉት ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።