ሪህና ኩላሊት፦ አንዱ ሌላውን የሚያደክምበት መንገድ

ባለፈው ዓመት ለንጹሕ መጠጥ ውኃ ሥራ ከወረዳ ከተማ ርቆ ወደሚገኝ አንድ ደብር በሄድንበት ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት ቆመው ያደሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ተቀምጠው አገኘናቸው። መቋሚያቸው ከግድግዳው ተደግፏል። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ከሥሩ ቀልቶና አብጦ ነበር፤ የነጠላቸው ጫፍ ሲነካው እንኳ ፊታቸው ይቋጠራል። «ሪህ ነው ልጆቼ፤ የቆየ ጎረቤቴ ነው» አሉን። ከኪሳቸው ያወጡት መድኃኒት ዳይክሎፌናክ ነበር። ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ከከተማው መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እያስገዙ መዋጥ ከጀመሩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። በኋላ ወደ ሆስፒታል ወርደው ሲመረመሩ፣ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ከግማሽ በታች መውረዱ ታወቀ። እርሳቸው ግን ኩላሊታቸውን አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን የእርሳቸው ጥያቄ ነው። «የታመመው እግሬ፤ የተበላሸው ኩላሊቴ፤ ምን ያገናኛቸዋል?» አሉን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአገራችን ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ብርድ የቀሰቀሰው ቁርጥማትም ሆነ በእርጅና ምክንያት የመጣ የጉልበት ሕመም፣ «ሪህ» ሲባል ይሰማል። በሕክምና ሪህ የሚባለው ግን አንድ የተለየ ሕመም ነው። መንሥኤው በደም ውስጥ ከልክ በላይ የተከማቸ ዩሪክ አሲድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ድንገት፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይነሣል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ መገጣጠሚያን በተለይም የእግርን አውራ ጣት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላም በራሱ ይበርዳል። ሕሙማንን የሚያዘናጋቸውም ይኸው መብረዱ ነው።

ዩሪክ አሲድ ከውጭ የሚገባ መርዝ አይደለም። የሰውነታችን ሕዋሳት ሲያረጁና ሲታደሱ፣ እንዲሁም የምንበላው ምግብ ሲፈጭ፣ ፒዩሪን የተባለው ንጥረ ነገር ተሰባብሮ የሚተወው ዝቃጭ ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ይህን ዝቃጭ የሚያሟሟ ኢንዛይም አላቸው፤ የሰው ልጅ ግን የለውም። ስለዚህ ማስወገድ እንጂ ማፍረስ አንችልም። ከሚወገደው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል፤ የቀረው በአንጀት በኩል ይሄዳል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ዩሪክ አሲዱ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል፤ በቀዝቃዛው የእግር ጫፍ አካባቢ እንደ ጥቃቅን መርፌዎች ሆኖ ይረጋል። ሰውነትም እነዚህን መርፌዎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋቸው እብጠቱና ቃጠሎው ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የመሪጌታው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይጀምራል። ሪህ ካለባቸው ሰዎች በአብዛኞቹ ዘንድ ችግሩ ዩሪክ አሲድ በብዛት መመረቱ ሳይሆን ኩላሊት በበቂ መጠን አለማስወጣቱ ነው። «ሪህ የጮማና የጠጅ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ድሆችን ያለ አግባብ አሳፍሯል፤ ሥጋን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀምስ ገበሬም ኩላሊቱ ከደከመ በሪህ ሊያዝ ይችላል።

ነገሩን በግልጽ ያሳየው የእርሳስ ታሪክ ነው። ዩሪክ አሲድ በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ በዝቶ እንደሚገኝ በ1848 በፈረንጆች አቆጣጠር ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ፣ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በሥራቸው ከእርሳስ ጋር የሚገናኙ ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች መሆናቸውን አስተውሎ ነበር። እርሳስ ቀስ በቀስ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊትም ዩሪክ አሲድን ይይዛል። እነዚያ ሠራተኞች እንደ መኳንንቱ ባይበሉም በመኳንንቱ ሕመም የተያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመናችን የእርሳስን ቦታ በብዛት የያዙት የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ናቸው። ሁለቱም ኩላሊትን ያለ ድምፅ ያደክማሉ። የማጣራት አቅሙ ከ60 በታች ሆኖ፣ ወይም ፕሮቲን በሽንት እየፈሰሰ፣ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። በዚህ ላይ ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላዚክስ፣ የዩሪክ አሲድን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ያነበበ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን፤ ያልታከመ የደም ግፊት ከሪህ ይልቅ ይገድላል። ነገር ግን የሪህ ሕመም እንዳለበት ለሐኪሙ ይንገር፤ አማራጭ መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

በተቃራኒው አቅጣጫስ? ሪህ ኩላሊትን ይጎዳልን? በአንዳንድ መንገድ አዎን። ዩሪክ አሲድ በሽንት መንገድ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠሩም መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ለብዙ ዓመታት ሳይታከም በቆየ ሪህም መርፌዎቹ በኩላሊት ውስጥ ሊረጉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የዩሪክ አሲድ መጠን በራሱ ኩላሊትን ያደክማል የሚለው ብዙዎች ተስፋ የጣሉበት ሐሳብ በምርምር አልጸናም። በ2020 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሎፑሪኖል የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ የኩላሊት ሕሙማን፣ ካልወሰዱት ይልቅ የኩላሊታቸው መድከም እንዳልዘገየላቸው አሳይተዋል። ስለዚህ የዩሪክ አሲድ መጠኑ ከፍ ብሎ የተገኘ፣ ነገር ግን ሪህ ተነሥቶበት የማያውቅ ሰው ኩላሊቴን ላድን ብሎ መድኃኒቱን ሊጀምር አይገባውም።

በአገራችን የሪህ ሕመምተኛ ኩላሊቱን የሚያጣበት ሰፊው በር ሌላ ነው፤ እርሱም የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የተባሉት መድኃኒቶች እብጠትን የሚያበርዱት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በመከልከል ነው። የደከመ ኩላሊት ግን የደም ሥሮቹን ክፍት የሚያደርግለት ያው ንጥረ ነገር ነው። ሲከለከል ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን ቢወስደው ብዙ ጊዜ አይጎዳም። አረጋዊ፣ የደም ግፊት ያለበት፣ በጾም ወይም በተቅማጥ ውኃ ያነሰው ሰው ሲወስደው ግን አደጋው ይበረታል። የመሪጌታው ነገር ይህ ነበር፤ ኩላሊታቸው በደከመ መጠን ሪሁ ይደጋገማል፤ ሪሁ በተደጋገመ መጠን ማስታገሻው ይጨምራል፤ ማስታገሻው በጨመረ መጠን ኩላሊቱ ይደክማል።

ታዲያ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሪህ ሲነሣበት ምን ይደረግለታል? ሐኪሞች እንደ ሁኔታው ፕሬድኒሶሎን ለአጭር ቀን፣ ወይም መጠኑ የተቀነሰ ኮልቺሲን ያዝዛሉ። ኮልቺሲን ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ስለሚጠራቀም ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ትኩሳት ያለበትና ቀልቶ ያበጠ መገጣጠሚያ ሁሉ ደግሞ ሪህ አይደለም፤ በተሕዋስያን የተመረዘ ሊሆን ይችላልና በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት የሚደረግ የደም ምርመራ የዩሪክ አሲድ መጠንን ልከኛ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችልም፣ «ደምህ ደኅና ነው» የተባለ ሰው ከበረደለት በኋላ ዳግም ቢመረመር መልካም ነው።

ለሚደጋገም ሪህ ዋናው መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው፤ የኩላሊት ሕመም ላለባቸውም እንኳ ቀዳሚ ሆኖ ይመረጣል። ልዩነቱ በአጀማመሩ ነው። በቀን ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከዚያ ባነሰ መጠን ተጀምሮ፣ የዩሪክ አሲዱ መጠን ከ6 በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ የረጋው እየሟሟ ነውና። ብዙዎች «አባሰብኝ» ብለው የሚያቋርጡት በዚህ ጊዜ ነው። በአንጻሩ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን ወዲያው ማቆምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ኩላሊት የተተካላቸው ወገኖችም፣ ንቅለ ተከላው ከ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአገራችን ይሰጣልና፣ አዛታዮፕሪን የሚወስዱ ከሆነ አሎፑሪኖል ከእርሱ ጋር ሲደባለቅ የደም ሕዋሳትን ማምረቻ መቅኔ ሊያደርቅ እንደሚችል ይወቁ።

ስለ ምግብ በአጭሩ እንናገር፤ ከመድኃኒት ይልቅ ጉልበቱ ትንሽ ነውና። ዱለት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ብዙ ቀይ ሥጋ፣ ቢራና ጠላ፣ በስኳር የተሞላ ለስላሳ መጠጥ ሪህን ይቀሰቅሳሉ። ምስርና ሽሮ ፒዩሪን ቢኖራቸውም ሪህን እንደ ሥጋ ሲያበዙ አልታየም፤ የጾም ማእዳችን በዚህ በኩል ሕሙማንን አይጎዳም። የምንፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሰውነት ውኃ አንሶት ሲውል ዩሪክ አሲድ መከማቸቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ የፋሲካ ዕለት ሥጋውና ጠላው በአንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ሰዓትና ስለ ውኃው አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታዝንበት ሥርዓት አላትና። ኩላሊቱ እጅግ የደከመ ሰው ደግሞ ውኃን በልክ እንዲጠጣ ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ጸበል ሲጠጣም ይህን ያስብ፤ በጸበል ቦታ ሳለም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ሪህ አለብኝ የሚል ሰው በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የሚጠይቃቸው ምርመራዎች ጥቂት ናቸው፦ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ ክሪያቲኒን፣ ዩሪክ አሲድ፣ በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን። መድኃኒት በገዛ ቁጥርም «ኩላሊቴ ደክሟል፤ ይህ ይስማማኛልን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

መሪጌታው አሁን በቀን አንዲት የአሎፑሪኖል ክኒን ይወስዳሉ፤ ዳይክሎፌናኩን ትተዋል። የጠፋው የኩላሊታቸው አቅም አልተመለሰም፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜም ለምርመራ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ባለፈው የጥምቀት ሌሊት ግን መቋሚያቸውን ይዘው እስኪነጋ ቆመው እንዳደሩ ከደብሩ ሰምተናል።